ወደ ኋላ የቆጠረችው ቆጣሪ

ሰንበቴ ይመር ወደዚህ አገር የገባችው ታናሽ እህቷን አዝላ ነው። ዘመኑ 1977፣ ዕድሜዋ አሥራ ስድስት። ከወሎ ያመጣቸው መኪና ሣሩ ሰው በሚውጥ ሜዳ ላይ አራግፏቸው ተመለሰ። የጠበቃቸው የሣር ዳስ ነው፤ በአንድ ዳስ ሰባት ስምንት ቤተሰብ። ውሃ በበርሜል እየመጣ በጣሳ ይታደል ነበር። አዳዩ ጣሳውን ሲይዝ አውራ ጣቱን ወደ ውስጥ ያስገባል። ለአንድ ሰው አንድ ጣሳ፣ የጣቱ ድርሻ ተቀንሶ። ውሃው ከየት እንደሚቀዳ የጠየቀ አልነበረም። ከሚቀዳበት ወንዝ በላይኛው በኩል የበሽተኛ ልብስ ይታጠብ እንደነበር የታወቀው ዳሱ በግማሽ ከጎደለ በኋላ ነው።

እህቷ በአራተኛው ሳምንት ሞተች። ሰንበቴም ተኝታ ነበር፤ ማንም ትነሣለች ብሎ አልጠበቀም። ያተረፈቻት አንዲት የበርታ ሴት ናት። በትከሻዋ ላይ ባጋደመችው እንጨት ጫፍና ጫፍ ሁለት ቅል አንጠልጥላ በዳሱ አጠገብ ታልፍ ነበር። አማርኛ አታውቅም። «ሞያ፣ ሞያ» እያለች ቅሉን አሳየቻት፤ ውሃ ማለቷ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ አፍልታ ያቀዘቀዘችውን የማሽላ ውሃ ጨው ጣል እያደረገችበት ታመጣላት ጀመር። በአሥራ አንደኛው ቀን ሰንበቴ ተቀመጠች፤ በሃያኛው ቆመች። የሴትዮዋን ስም በትክክል ሳታውቀው ቀረች። የሰማችውን ስም ዛሬም በሁለት ዓይነት ነው የምትጠራው።

ከዚያ በኋላ ሕይወቷ እንደ አብዛኞቻችን ሄደ። አገባች፣ ሦስት ወለደች፣ ባሏን በወባ ቀበረች። ከሰፈራው መንደር ወጥታ ከአሶሳ ወደ ባምባሲ በሚወስደው መንገድ ዳር ወዳለችው ትንሽ ከተማችን መጣች። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ቦኖ ጠበቀች። ፊቷን አዙራ ከሰው ጋር እያወራች እንኳ ጀሪካን አንገቱ ጋ ሲደርስ ከድምፁ ታውቅ ነበር፤ «በቃው፣ ዝጊው» ስትል አንድ ጠብታ አይፈስም። ሰው ተራውን ትቶ ቢገባ ጀሪካኑን አንሥታ ከሰልፉ መጨረሻ ታስቀምጥለታለች እንጂ አትሳደብም። ለአስተዳዳሪውም ለሚስቱም ያው ነበረች።

ቧንቧ በየቤቱ ሲገባ ቦኖው ተዘጋ። ሰንበቴም በሰፈራችን ጉብታ ጫፍ ላይ ባለው ግቢዋ ቧንቧ አስገብታ ብቅል መነገድ ጀመረች። ማሽላና ዳጉሳ ትዘፈዝፋለች፣ በቅጠል ሸፍና ታበቅላለች፣ አድርቃ ለጠላ ጠማቂዎች ትሸጣለች። በእድራችን ደግሞ የውሃ ኃላፊ ናት። ለቅሶ ቤት ውሃ የሚገባው በእሷ ትእዛዝ ነው። የእንስራው አፍ በንጹሕ ጨርቅ መሸፈኑን፣ የመቅጃው ጣሳ መሬት አለመንካቱን የምታይ እሷ ናት። ሐዘንተኛ ያለ ጥያቄ የሚጠጣው የሰንበቴን ውሃ ነበር።

አሁን ወደሚያንገሸግሸው ነገር ልግባ።

ባለፈው ዓመት መስከረም ላይ የከተማችን የውሃ ጽሕፈት ቤት ቆጣሪዎቻችንን ሁሉ ነቅሎ በአዲስ ተካ። ዋጋውን የከፈልነው እኛ ነን። ነገር ግን ያስፈረሙን ወረቀት «ቆጣሪው የጽሕፈት ቤቱ ንብረት ነው፤ ደንበኛው በኃላፊነት ይጠብቃል» ይላል። እኔ ማንበብ የተማርኩት ፀጉሬ ከሸበተ በኋላ ስለሆነ የምፈርመውን ወረቀት ሁለት ጊዜ አነባለሁ። አንብቤም ገብቶኝ ነበር። ቆጣሪው ሲከፈልበት የእኛ ነው፣ ሲነበብ የእነሱ፣ ሲበላሽ እንደገና የእኛ። ቢሆንም ፈረምኩ። ውሃ ያስፈልገኛል።

በጥቅምት ደግሞ ውሃው በፈረቃ ሆነ። ለእኛ ሰፈር ማክሰኞ ጠዋት ይለቀቃል፣ ረቡዕ እኩለ ቀን ላይ ይዘጋል። ሰዓቱ ግን የተቆረጠ አይደለም፤ አንዳንዴ ቀድሞ፣ አንዳንዴ ዘግይቶ። ስለዚህ ሰው ሁሉ የቧንቧውን አፍ ከፍቶ ይተወዋል። ውሃው ተረጭቶ እንዳይባክን ከቧንቧው ላይ ጎማ ይሰካና የጎማው ጫፍ እስከ በርሜሉ ቂጥ ይገባል። ይህን የማያደርግ ቤት አልነበረም።

ሰንበቴ ሁለት በርሜል አላት። አንዱ የንጹሕ ውሃ ነው፣ ሁለተኛው ማሽላ የሚዘፈዘፍበት። ማክሰኞ ንጹሑን ትሞላለች። ረቡዕ ጠዋት ጎማውን አውጥታ በብቅሉ በርሜል ውስጥ ትከትትና ገበያ ትሄዳለች፤ ረቡዕ ገበያ ነው። ማታ ስትመለስ የብቅሉ በርሜል ጎድሎ ታገኘዋለች። «እህሉ ጠጥቶት ነው» ትላለች። ማሽላ ሲዘፈዘፍ ውሃ ይጠጣል፤ ይህን የማያውቅ ብቅል ሠሪ የለም። ስለዚህ በርሜሉ ለምን ይህን ያህል እንደጎደለ አንድም ቀን አልጠየቀችም።

ከጉብታው ግርጌ፣ ከእኔ ቤት አጥር ለአጥር፣ ቃናኒ የምትባል የወለጋ ልጅ ትኖራለች። ባሏ ግድቡ ጋ ነው የሚሠራው፤ በወር አንድ ጊዜ ይመጣል። አንድ ሐሙስ ቃናኒ ወደ ሰንበቴ ግቢ ስትወጣ እኔ እዚያ ነበርኩ። ገና ከበሩ ስትገባ መቀለድ ጀመረች።

«እትዬ ሰንበቴ፣ ጠላሽን በቧንቧ መላክ ጀመርሽ እንዴ?»

«ምነው ልጄ?»

«ትናንት ከሰዓት የቀዳሁት ውሃ ብቅል ብቅል አለኝ። ባሌ ቢኖር ደስ ይለው ነበር!»

ተሳሳቅን። ሰንበቴ «አፍንጫሽ ነው፤ እኔ ጋ ስትመላለሺ ብቅል ለምዶብሽ ነው» አለቻት። ቃናኒም ብቅሏን ገዝታ ወረደች። በዚያ ሰሞን ትንሹ ልጇ ሆዱን እያመመው ጤና ጣቢያ ይመላለስ እንደነበር ሁላችንም እናውቅ ነበር። ሁለቱን ነገር ያገናኘ አልነበረም።

የጥር ወር ንባብ ደረሰ። ቆጣሪ የሚያነበው እንዳለ የሚባል ልጅ ነው፤ ጨዋ ልጅ። ጎንበስ ብሎ አየ፣ መዝገቡን ገለጠ፣ እንደገና ጎንበስ አለ።

«እማማ፣ ባለፈው ወር 18 ነበር።»

«እሺ?»

«አሁን 16 ይላል።»

«ታዲያ ትንሽ ነዋ የተጠቀምኩት።»

እንዳለ አልሳቀም። «እማማ፣ ቆጣሪ አይቀንስም። ቆጣሪ የሚቀንሰው ሰው ፈቶ ገልብጦ ሲገጥመው ነው። እኔ እርስዎ አደረጉት አልልም። የምጽፈው ግን ያየሁትን ነው።»

«ያየኸውን ጻፍ» አለችው። «ያላየኸውን ብቻ እንዳትጽፍ።»

እሱ ያየውን ጻፈ። ያላየውን የጻፉት አለቃው ናቸው። በሦስተኛው ቀን ደብዳቤ መጣ። ወይዘሮ ሰንበቴ ይመር የመንግሥትን ቆጣሪ ፈትተው በመገልበጥ ውሃ መስረቃቸው ስለተደረሰበት፣ በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ ጥፋታቸውን አምነው ቅጣታቸውን ካልፈጸሙ መስመሩ ይቆረጣል ይላል። በዚያው ቀን ስሟ በጽሕፈት ቤቱ ሰሌዳ ላይ «ቆጣሪ የነካኩ» በሚል ርእስ ሥር ተለጠፈ። በርእሱ ሥር የነበረው ስም የእሷ ብቻ ነው።

ቆጣሪው እንዳይፈታ የሚታሰርበት የእርሳስ ማኅተም ሳይነካ እንደታሰረ ነበር። እንዳለ ይህንንም ጽፎት ነበር። ያንን መስመር ያነበበ የለም። በእውነት የሚያስጠላኝ ይህ ነው፤ ማንበብ የሚያውቅ ሰው አለማንበቡ።

ከሰንበቴ ጋር ወደ ጽሕፈት ቤቱ ሄድኩ። ኃላፊው አቶ ታረቀኝ ይባላሉ። ወንበር አልሰጡንም። ስልካቸውን እየነካኩ ሰሟት።

«ቆጣሪው ወደ ኋላ ከሄደ ተበላሽቶ ይሆናል፤ ባለሙያ ይላኩና ይታይ» አለች።

«ቆጣሪው አዲስ ነው። ትክክል ነው።»

«ትክክል ከሆነ ማኅተሙ ሳይቆረጥ እንዴት ገለበጥኩት?»

«እሱን የሚያውቁት እርስዎ ነዎት፣ ወይዘሮ።»

«ለዚህ ቆጣሪ ትክክለኛነት ኃላፊው ማነው ታዲያ?» አልኩ እኔ።

«ውሉን ያንብቡ። ኃላፊነቱ የደንበኛው ነው።»

በቋንቋችን ኃላፊ የሚለው ቃል ሁለት ነገር ይናገራል። አንድም የሚጠየቅ ማለት ነው፣ አንድም የሚያልፍ፤ ኃላፊ ጠፊ እንዲሉ። አቶ ታረቀኝ ሁለተኛውን ነው የመረጡት። 

ነገር ግን በሰው ብቻ ልፍረድ ብል ውሸታም እሆናለሁ። እሑድ እድሩ ተሰበሰበ። አንዱ ተነሥቶ «ስሟ እስኪነጻ ድረስ የለቅሶ ውሃውን ሌላ ሰው ቢይዘው» አለ። ሌላው «እኛ አልፈረድንም፤ ለጊዜው ነው» ብሎ አለሳለሰው። ሰንበቴ ፊት ለፊቴ ተቀምጣ ነበር። እጄን አላነሣሁም፣ አፌንም አልከፈትኩም። የማየት እንኳ ድፍረት አልነበረኝም። ሰባ ሁለት ዓመቴ ነው፤ እንደዚያ ቀን ራሴን ተጸይፌ አላውቅም።

ስብሰባው ሲበተን ሰንበቴ በመንገድ ላይ ደረሰችብኝ። የምትወቅሰኝ መስሎኝ ነበር።

«ጋሼ፣ እርስዎ ቁጥር በደንብ ያነባሉ። ረቡዕ ጠዋት እኔ ጋ መጥተው ቆጣሪዋ አጠገብ ይቀመጡልኝ። እኔ ገበያ አልሄድም።»

«ምን ልናይ?»

«እኔ እንጃ። አንድ ነገር ግን አለ። እኔ አልነካኋትም፤ እሷም ቀንሳለች። ሁለቱም እውነት ነው። ሁለቱም እውነት ከሆነ ይህን የሚያደርግ ሌላ ነገር አለ ማለት ነው።»

ረቡዕ ሁለት በርጩማ አስቀምጣ ጠበቀችኝ። ጎማውን እንደ ልማዷ በብቅሉ በርሜል ውስጥ ከታዋለች። የቆጣሪዋ መስታወት ሥር አንዲት ትንሽ የኮከብ ቅርጽ አለች፤ ውሃ ሲያልፍ ትሽከረከራለች። ጠዋቱን በሙሉ በደንብ ዞረች። ወደ ስድስት ሰዓት ገደማ ቀዘቀዘች፣ ከዚያ ቆመች። ውሃው ተዘግቷል።

«ይኸው ቆመች» አልኩ። «ልሂድ?»

«ትንሽ ይቆዩ።»

ቆየሁ። ከታች ሰፈር ሴቶች ሲጠራሩና ጀሪካን ሲያንኳኩ ይሰማል። ውሃው ሲዘጋ በቧንቧው ውስጥ የቀረውን ለመቅዳት ይሽቀዳደማሉ፤ የታች ሰው ሁልጊዜ የሚያደርገው ነው፤ እኔም አደርገዋለሁ። ያኔ ኮከቧ ተንቀሳቀሰች። መነጽሬን አወለቅሁ፣ ጠርጌ መለስኩት። ወደ ኋላ ነው የምትዞረው።

«ሰንበቴ፣ ወደ ኋላ!»

እሷ ቆጣሪዋን አላየችም። በርሜሉን ነበር የምታየው። ቡናማው ውሃ ከበርሜሉ ጠርዝ እየወረደ ነው። አንድ ጣት፣ ሁለት ጣት፣ አንድ ስንዝር። የተዘፈዘፈው ማሽላ ብቅ አለ። ከጎማው ውስጥ ድምፅ ይመጣል፤ ሕፃን ጡት ሲጠባ የሚሰማው ዓይነት። ውሃው ከጎማው አፍ በታች ሲሆን ጎማው ንፋስ መሳብ ጀመረ፤ ያኔ ቆጣሪዋ ይበልጥ ፈጠነች፣ ወደ ኋላ።

ነገሩ ገባን። ዋናው መስመር ሲዘጋ ታች ያሉት በቧንቧው የቀረውን ይቀዳሉ። የእኛ መንገድ ቁልቁለት ስለሆነ ውሃው ወደ እነሱ ሲወርድ ከላይ ያለውን ይስባል። የሰንበቴ ቧንቧ ክፍት ነው፣ ጎማው በርሜል ውስጥ ነው። የበርሜሉ ውሃ በቆጣሪዋ በኩል ወደ ታች ሰፈር ይሳባል። ቆጣሪዋ አልዋሸችም። የገባውን እየደመረች የወጣውን እየቀነሰች ነው። በዚህ ነገር ውስጥ ካለነው ሁሉ እውነት የተናገረች እሷ ብቻ ናት።

እኔ ተነሥቼ አጨበጨብኩ። «ተገላገልሽ! በሚመጣው ረቡዕ ታረቀኝን እዚህ አምጥተን እናሳየዋለን!»

ሰንበቴ በርጩማዋ ላይ እንደተቀመጠች ቀረች። ፊቷ አመድ መስሎ ነበር።

«ጋሼ» አለች፣ «ቃናኒ ብቅል ብቅል አለኝ ያለችው።»

ያኔ ነው ለእኔም የገባኝ። የሁለት ቀን ዝፍዝፍ፣ አረፋ ያለው፣ ዝንብ የሚያርፍበት ውሃ። ከጥቅምት እስከ ጥር። ቃናኒ ቀድታዋለች፣ ልጇ ጠጥቶታል። እኔም ከእሷ አጥር ለአጥር ነኝ። 

ትንሽ ቆይቼ የማይረባ ምክር መከርኳት። ዛሬም ሳስበው ያሳፍረኛል። «የብቅሉን ነገር አታንሺ። ጎማውን ንጹሑ በርሜል ውስጥ ከትተን እናሳይ። ወደ ኋላ መቁጠሯ ይታያል፣ ስምሽም ይነጻል። የቀረውን ማን ያውቃል?»

«እኔ አውቃለሁ» አለች። ነጠላዋን አንሥታ ቁልቁል ወረደች። ተከተልኳት።

ቃናኒ ደጃፏ ላይ ልብስ ታጥባለች። ሰንበቴ አልተቀመጠችም፣ መግቢያም አላበጀችም።

«ቃናኒ፣ ያ ብቅል ብቅል ያለሽ ውሃ የእኔ ነው። የብቅሌ ዝፍዝፍ በቧንቧ ወደ አንቺ ሲመጣ ነው የከረመው። አላወቅሁም ነበር። አሁን በዓይኔ አይቼ መጣሁ።»

ቃናኒ መጀመሪያ ቀልድ መሰላት። «ዱጋ? እውነትሽን ነው?» አለች ፈገግ ብላ። የሰንበቴን ፊት ስታይ ፈገግታዋ ጠፋ። በእጇ የያዘችውን ጨመቀችው፤ የልጇ ሸሚዝ ነበር።

«ልጄን ሦስት ጊዜ ጤና ጣቢያ ወስጄዋለሁ» አለች።

«አውቃለሁ።»

«ሦስት ጊዜ! አንቺ ራስሽ ‹አብሽሪ፣ ይሻለዋል› ብለሽኛል! በእጅሽ ነው እኮ ያጠጣሽው!»

«አዎ።»

ቃናኒ በኦሮምኛ ብዙ ተናገረች። ከዚያ ምራቋን ወደ ጎን ተፋችና በሩን ዘጋችብን። ሰንበቴ ዝግ በር ፊት ጥቂት ቆማ ነበር። ከዚያ ወደ ጉብታው ተመለስን።

በሚቀጥለው ረቡዕ አቶ ታረቀኝ መጡ። የመጡት እንዳለ ለምኗቸው ነው፤ ልጁ ያየው ነገር ሲያንገበግበው ከርሞ ነበር። የእድሩም ሰዎች ተጠርተዋል። ሰንበቴ ብቅሏን ዘፍዝፋ ጎማውን ያው ቦታ ከታዋለች። ንጹሑን በርሜል በክዳኑ ሸፍናዋለች። ታች ያሉት በዚያ ቀን ከቧንቧ የቀዱትን እንዳይጠጡም አስቀድማ አስነግራለች።

«ምን ልታሳዩኝ ነው?» አሉ ኃላፊው ሰዓታቸውን እያዩ።

«ቁጭ ብለው ይመልከቱ» አለቻቸው።

ስድስት ሰዓት አልፎ ውሃው ተዘጋ። ኮከቧ ቆመች። ከዚያ ወደ ኋላ ዞረች። እንዳለ በእንብርክኩ ወድቆ ቁጥሩን ጮክ ብሎ ማንበብ ጀመረ። የበርሜሉ ውሃ ወረደ። የእድሩ ሰዎች አንገታቸውን አስግገው አዩ፤ «ኧረ በማርያም!» የሚል ተሰማ።

አቶ ታረቀኝ ጎንበስ ብለው አዩና ቀና አሉ። «ይሄ ወደ ባዶው ቧንቧ ነው የሚሄደው። ወደ ሌላ ቤት ስለመግባቱ ምን ማስረጃ አለ?»

መልስ ሳይሰጣቸው የግቢው በር ተከፈተ። ቃናኒ ናት። ሽቅብ ስለሮጠች ትተነፍሳለች። በሁለት እጇ ነጭ ጎድጓዳ ሳህን ይዛለች። ለሰንበቴ ሰላም አላለችም፣ አላየቻትምም። በቀጥታ ኃላፊው ፊት ቆመች።

«አሁን ከቧንቧዬ የቀዳሁት ነው። ያሽትቱ።»

ውሃው ቡናማ ነው። ሁለት የማሽላ ፍሬ ከሥሩ ተቀምጠዋል።

አቶ ታረቀኝ አፍንጫቸውን ያዙ።

«ይጠጡ እንጂ!» አለች ቃናኒ። «ልጄ እኮ ጠጥቶታል። ቆጣሪው ትክክል ነው አላሉም? ትክክለኛ ውሃ ነው፣ ይጠጡ!»

አንዱ ከኋላ «ጋን ይምጣላቸው፣ በጋን ነው የሚጠጣው!» አለ። ተሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ሰንበቴም አልሳቀችም። ዓይኗ ከሳህኑ አልተነሣም።

«ይህ የሚሆነው ደንበኞች ጎማ በርሜል ውስጥ ስለሚከቱ ነው» አሉ ኃላፊው በመጨረሻ። «ጽሕፈት ቤታችን ጎማ ክተቱ አላለም።»

«ቆጣሪው አጠገብ ወደ ኋላ የማያስመልስ ቫልቭ ቢኖር አይመለስም ነበር» አለ እንዳለ መሬት ላይ እንደተንበረከከ። «ቆጣሪዎቹን ስንቀይር ከቆጣሪው ጋር መገጠም ነበረበት። እኔ ሪፖርት አድርጌ ነበር።»

«አንተ ዝም በል!»

 የተናገረውን ግን ሁላችንም ሰምተናል።

ከዚያ በኋላ የሆነው ይኸው ነው። የሰንበቴ ስም ከሰሌዳው ተነሣ። በደብዳቤ የተከሰሰች ሴት በደብዳቤ አልተፈታችም፣ ይቅርታም አልተጠየቀችም። ወረቀቱን የቀደደው የጽሕፈት ቤቱ ዘበኛ ነው። በዚያው ቦታ አዲስ ማስታወቂያ ተለጠፈ። ደንበኞች ጎማ በርሜል ውስጥ እንዳይከቱ፣ ቫልቭ በራሳቸው ገዝተው እንዲያስገጥሙ፣ ይህ ባለመሆኑ ለሚደርሰው ጉዳት ኃላፊነቱ የደንበኛው መሆኑን ይገልጻል። ማስታወቂያውን ቆሜ አነበብኩት።  ሰፈሩ በሙሉ አራት ወር እርስ በርሱ እጣቢውን ሲጠጣ ከርሟል። ከሰንበቴ በስተቀር ላይ ከሚኖሩት አንድም ሰው መጥቶ «ከእኔም ወርዶ ይሆናል» አላለም። ጎማው ግን በሁሉም በርሜል ውስጥ ነበር። የልብስ ማጠቢያ በርሜል ውስጥ፣ የከብት ማጠጫ በርሜል ውስጥ። ዓይናቸውን እያየሁ ነው የምጽፈው።

እድሩ የለቅሶ ውሃውን መለሰላት። ያኔም አንድ ሰው ተነሥቶ «ብቅል አጠጥታናለች እኮ» አለ። በዚያ ቀን ግን አፌን ከፈትኩ። የተናገርኩትን እዚህ አልደግመውም፤ ለእኔ ለራሴ የዘገየ ነበር።

ብቅሏ ለሁለት ወር ያህል አልተሸጠም። «የቧንቧ ብቅል» የሚል ስም ወጣለት። የታች ሰፈር ጠማቂዎች ባምባሲ ድረስ እየሄዱ ይገዙ ነበር። እሷ የቤቷን ጎማ ከበርሜሉ አፍ አንድ ክንድ ከፍ አድርጋ በሽቦ አሰረችው። ሲረጭ ይረጫል፣ መሬቱም ይረጥባል። እንዳለ በዕረፍት ቀኑ መጥቶ ቫልቯን ገጠመላት። ከዚያ ወዲህ ቆጣሪዋ ወደ ኋላ ሄዳ አታውቅም።

ቃናኒ እስከ ፋሲካ ድረስ አላናገረቻትም። ከፋሲካ በኋላ አንድ ቀን ልጇን ይዛ ሽቅብ ወጣች፤ ልጁ ዳነ፣ ወፍሯል። ብቅል ልትገዛ ነው የመጣችው። ሰንበቴ መዘነችላት። ዋጋ አልተነጋገሩም፤ ሁለቱም ዋጋውን ያውቁታል። ቃናኒ ልትሄድ ስትል ልጁ ውሃ ጠማኝ አለ። ቃናኒ ቆመች። ሰንበቴም ቆመች።  ከዚያ ቃናኒ «ስጪው እንጂ፣ ምን ትጠብቂያለሽ» አለች።

ይህን ልጽፍ ስነሣ ሰንበቴን ጠየቅኋት። ስምሽ ከሰሌዳ መነሣቱ ነው፣ እድሩ ሥራሽን መመለሱ ነው፣ ልጁ መዳኑ ነው፣ በዚህ ሁሉ ከሁሉ የበለጠብሽ የቱ ነው አልኳት። የደረቀ ብቅል እያበጠረች ነበር። ሰፌዱን አላስቀመጠችም።

«ልጁ መዳኑ የእግዚአብሔር ነው፤ የእኔ አያድርጉት» አለች። «ሌባ ያሉኝን ደግሞ ረስቼዋለሁ። አልሰረቅሁም፣ አውቀዋለሁ፣ አለቀ። ያንን ቀን ግን፣ እርስዎ ‹የብቅሉን ነገር አታንሺ› ያሉኝ ቀን፣ አልዋሽዎትም ጋሼ፣ ልቤ እሺ ብሎ ነበር። እስከ ቃናኒ በር ድረስ እሺ እንዳለ ነው የወረደው። እግሬ ነው ያልሰማው። ‹ውሃው የእኔ ነው› አልኳት፤ ምራቋን ስትተፋም አየሁ። ይሁን። ከሌላ ሰው አፍ አልሰማችውም። ከእኔ አፍ ነው የሰማችው፣ ከማንም በፊት። ለእኔ ትልቁ ነገር እሱ ነው። ሌላውን እርስዎ እንደፈለጉ ይጻፉት።»